የነጠላው ጥለትና የደምለው ፔጆ

ድሬዳዋ ላይ ችኩል ሰው ሲገኝ የሚወረወርበት አንድ አባባል አለ። ሹፌሮች «የእኛ ነው፤ ላቫጆ ውስጥ ነው የተወለደው» ብለው ይኮሩበታል። ሽማግሌዎችም በእርቅ መሐል ጣል ያደርጉትና ከራሳቸው ያፈለቁት ይመስል ጢማቸውን ያሻሻሉ። ከማን አፍ እንደወጣ የሚጠይቅ ግን የለም። ለምን ይጠየቅ? የሴት አፍ ነዋ! ያውም ፊደል ያልቆጠረች፣ መሪ ጨብጣ የማታውቅ ባልቴት። ወንድ ተናግሮት ቢሆን ኖሮ ስሙ እስከ ዛሬ አብሮ ይጠራ ነበር። እንግዲህ የተባለበትን ቀን ስሙት።

ሴትዮዋ አጸደ ትባላለች፤ ቤቷ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነው። ባሏ ደምለው ዕድሜውን የጨረሰው በፔጆ ታክሲ ላይ ነው። ሥራ ሲያቆም የታክሲውን ቀለም አስፍቆ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ በገዛ እጁ ቀባት። ሲጨርስ የልጅ ልጁን ምንታምርን ኮፈኑ ላይ ፊቷን አሳያትና «አንቺ ከዚህ ቤት የምትወጪው በዚች ነው» አላት። ልጅቷ ያኔ ጥርሷ ገና እየወለቀ ነበር። ለሠርጓ ስትደርስ ደምለው አልነበረም። ፔጆዋ ግን ነበረች፤ የደምለው ጓደኛ ኡስማን እየመጣ ሞተሯን ያሞቃታል፣ አጸደ ታጥባታለች።

የሠርጉ ዝግጅት ሲመከር አጸደን የጠየቃት የለም። ስንት በሬ፣ የትኛው ድንኳን፣ ማን ከማን ጎን ይቀመጥ፤ ሁሉም ከእሷ ጆሮ በላይ አለፈ።  ልጇ ግርማቸው «ለሙሽሮቹ ነጭ አዲስ መኪና ይመጣል» ሲል ግን ተነሳች።

«ፔጆዋስ?»

«እማ ደግሞ! ሠርግ ነው የምንሠራው ወይስ ሙዚየም?»

«አንተን ከሆስፒታል ያመጣችህ እሷ ናት። ያን ቀን ፊትህ ከላይ እስከ ታች የተጨማደደ ነበር፤ የምታበራው እሷ ነበረች።»

ቤቱ በሳቅ ተንጫጫ። ግርማቸው አፈረና ሳያስበው «ኧረ ተይ እማ፣ አንቺ ስለ መኪና ምን ታውቂያለሽ?» አላት።

ይቺ ቃል ወጋቻት። ሳቁ ቆመ። ግርማቸውም ክፉ ልጅ አይደለምና ቶሎ ድምፁን አለዘበ። «እሺ፤ ቅዳሜ ለምሳ ስመጣ አያታለሁ። ኮፈኗ ላይ ፊቴን ካየሁ ምንታምር በእሷ ትሂድ። ካላየሁ ነጩ ይመጣል፣ አትቀየሚኝም።»

«ፊትህን ታየዋለህ። ከወደድከው ያንተ ጉዳይ ነው» አለችው።

ቅዳሜ ጠዋት አጸደ ፎጣዎቿን አወጣች። ለዓይን የሚያምሩ አይደሉም፤ የነተቡ፣ ጠርዛቸው የተቆረጠ፣ መልካቸው የጠፋ ናቸው። አጸደ ፎጣ ሲገዛላት መጀመሪያ መቀስ ነው የምታነሳው። ደረቁን የጠርዝ ስፌት ትቆርጣለች፤ ስም የተጻፈባትን ቁራጭ ጨርቅ ትነቅላለች። «ባለፋብሪካው ስሙን የደምለው ቀለም ላይ ይጻፍልኝ ወይ?» ትላለች። የማጠቢያው ከማድረቂያው አይቀላቀልም። የጎማው ፎጣ ደግሞ በጥቁር ክር ታስሮ ለብቻው ይሰቀላል። ከደቻቱ ደረቅ ወንዝ የሚነሳው አሸዋ የማይገባበት የለምና፣ መሬት የወደቀ ፎጣ ሹመቱ ተነሥቶ ወደ ጎማ ይወርዳል፤ ቢታጠብ እንኳ አይመለስም። የቀረውን ደግሞ አንድ በአንድ አራግፋ በመዳፏ ትዳብሰዋለች፤ ካላመነችው ጉንጯ ላይ ታሻዋለች። ጉንጭ ያልወደደውን ቀለምም አይወደውም።

ፔጆዋን ኡስማን ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር አቁሞላት ሄደ፤ አጠበቻት። ውሃ አፍስሳ ሳሙናውን አስለቅቃ ልታደርቃት ስትል ከውስጥ ተጠራች።

«እማማ አጸደ! ምንታምር ሂና አልቀባም ብላ እጇን ሸሸገች! ካላንቺ አይሆንም ትላለች!»

የድሬ ውሃ ኖራ አለበት፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ድንጋይ ይጋግራል። መኪና ላይ ከደረቀም ነጭ ነጥብ ጥሎ ነው የሚሄደው። አጸደ ይህን ታውቃለች። ግን የልጅ ልጇ ድምፅ ውስጥ ልቅሶ ሰማች፤ ፎጣዋን ገመዱ ላይ ጥላ ገባች።

ምንታምር ሴቶቹ መሐል ተቀምጣ፣ እጆቿን ብብቷ ሥር ከታለች። «ነገ ሁሉም ሲያጨበጭብ አባባ ደምለው አይኖርም» አለች ቀስ ብላ።

 አጸደ የልጅቷን እጅ ከብብቷ ፈልቅቃ አወጣችና መዳፏን በራሷ መዳፍ ዳበሰችው። ሂናው እስኪጀመር አልለቀቀቻትም።

በዚህ መሐል ነው ሙሽራው ኤርምያስ የመጣው። እናቱ ለአጸደ የላከችውን ነጠላ አድርሶ ሊሄድ ነበር፤ በሠርግ ዋዜማ ሙሽራ አማቶቹ ደጅ አይቆይም። ጥላው ከፔጆዋ ላይ ሸሽቶ ፀሐይ ኮፈኑን ይዞታል፤ የውሃው ነጠብጣብ ዳር ዳሩን ነጭ መሆን ጀምሯል። ኤርምያስ ምንታምር ስለዚች መኪና ስታወራ ሰምቷል። ደነገጠ። ዞር ሲል ገመዱ ላይ የተንጠለጠሉትን የነተቡ ፎጣዎች አየ፤ ናቃቸው። ለዚች መኪና ይሄ ቡትቶ? የጨንቻ ሸማኔ ልጅ ነው፤ ልስላሴ ያውቃል። እናቱ የፈተለችውን፣ አባቱ የሠራውን አዲሱን ነጠላ ከከረጢቱ መዘዘ። ከዚህ የሚለሰልስ ጨርቅ ድሬዳዋ ውስጥ የለም። እጥፉን ሳይፈታ፣ እየተጣደፈ፣ እያላበው ኮፈኑን፣ ጣሪያውን፣ በሮቹን ወለወለ።

አጸደ ስትወጣ ፔጆዋ ገና በስሱ እንደረጠበች እንደ መስታወት ታበራለች። ኡስማንም ደርሶ እያጨበጨበ ነው።

«አቦ! አንተ ልጅ፣ ለመኪና የተፈጠርክ ነህ!» ይላል።

«የሸማኔ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ» አለ ኤርምያስ እየሳቀ። ከዚያ አጸደን አይቶ እጅ ነሣ። «እማማ፣ ውሃው ሊደርቅብዎ ሲል ደረስኩ። ጨርቁን አይቆጡኝ፤ እናቴ ሌላ ትልክልዎታለች።»

አጸደ መኪናዋን አላየችም። ያየችው የታጠፈውን ነጠላ ነው። ከእጥፉ ውጭ የቀረው ጥለቱ ነው፤ ሰፊ ጥለት፣ በወርቀ ዘቦ የተሠራ።

«በየትኛው ወገን ነው ያበስካት?» አለችው።

«በ... በዚህ።»

«ኡስማን፣ ማጨብጨቡን ተወው» አለች። «ትድረቅ።»

ቆሙ። ፀሐይዋ ሥራዋን ሠራች። እርጥበቱ ከኮፈኑ ላይ ሲነሣ፣ ሥሩ የተደበቀው ብቅ አለ፤ እንደ ሸረሪት ድር ቀጭን፣ ክብ ክብ የሆነ ጭረት ከዳር እስከ ዳር። ጣሪያው ላይም፣ በሮቹ ላይም። ኤርምያስ በጣቱ ሊያጠፋው ሞከረ። አልጠፋም።

«እንዴት? ይሄ'ኮ... እናቴ...»

አጸደ እጁን ያዘችው። የነጠላው መሐል ላይ አሳረፈችው፤ እንደ ጥጥ ነው። ከዚያ ወደ ጥለቱ ሳበችው። ክሩ ጣቱን ቆረቆረው።

«የሸማኔ ልጅ!» አለችው። «መሐሉን በልብህ አወቅከው፣ ዳሩን በእጅህ ረሳኸው። ዓይንህ ወርቅ አየ፤ የደምለው ቀለም ያየው ሽቦ ነው።»

 ኤርምያስ ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ፊቱን ወደ ኒሙ አዞረ። አጸደ ሌላም የተሳለ ነገር ምላሷ ላይ ነበር። ያን ጀርባ ስታይ ዋጠችው።

ግርማቸው የደረሰው ያኔ ነው። «እህሳ፣ ፊቴ የታለ?» እያለ ወደ ኮፈኑ አጎነበሰ። ፊቱ ጭረት በጭረት ሆኖ ታየው። ሳቁ ጠፋ። «እማ፣ ምን ሆነች?»

አጸደ አፏን ሳትከፍት ኤርምያስ ቀደማት። «እኔ ነኝ ያበላሸኋት። እሳቸው የሉበትም።»

ግርማቸው ሁለቱንም አየ። «በቃ፤ ነጩ ይመጣል። ተነጋግረናል።»

«አይመጣም» አለች አጸደ።

«እማ፣ ቃል ነው'ኮ!»

«ቃልማ ደምለውም ሰጥቶ ነበር።» መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች። «ይህን ቀለም የልጅቷ አያት ቀባው፤ ሲቀባው ስንት ቀን እንደፈጀበት አንተ አታውቅም፣ ባልዲውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ደግሞ ባሏ ቧጨረው። ይቺ መኪና እስከ ትናንት የደምለው ብቻ ነበረች። እንግዲህ የሁለቱ ናት። ነጩ መኪና ላይ የማን እጅ አለበት?»

 ግርማቸው እንደ ልጅነቱ ኮፈኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገና ወደ ኡስማን ዞረ። «አንተ ነህ የምትነዳት?»

«ሌላ ሰው ይነካታል እንዴ!» አለ ኡስማን።

አጸደ ኤርምያስን አላሰናበተችውም። የዋዜማ ሥርዓት ነው ቢሏት አልሰማችም። የነተቡትን ፎጣዎች እጁ ላይ ቆለለችለት። «እያንዳንዱን ዳብስ። ጉንጭህን ካልወጋው ለእኔ አቀብል።» ኖራው የነካበትን ሁሉ አብረው አጠቡ፣ አብረው አደረቁ። ጭረቱ አለ። ግን ጎን ለጎን ሲያብሱ ኤርምያስ ስለ ደምለው ጠየቃት፤ እሷም በሠርጉ ዝግጅት ሰሞን ሁሉ ያልተጠየቀችውን እስኪበቃት አወራች።

በማግስቱ ምንታምር ከቤት ወጣች። ሴቶቹ እልል አሉ። አጸደ ያንን ነጠላ አጥባ፣ ተኩሳ ለብሳው ነበር፤ አወለቀችና የልጅ ልጇ ትከሻ ላይ ጣለችው። ምንታምር መኪናው ውስጥ ገብታ ስትቀመጥ የአያቷን ቀለም በመስኮቱ አየች። ሳቅና ልቅሶ ተደባለቀባት፤ እንባዋ ወረደ። ኤርምያስ ደነገጠ። ሰው ያያል፣ ካሜራ ይቀርጻል። እየተጣደፈ የነጠላውን ጫፍ አንሥቶ ወደ ጉንጯ ሰደደው፤ ጥለቱን ይዞ።

«አንተ!» ብላ ጮኸች አጸደ። እልልታው ተቋረጠ። እጇን በመስኮቱ አስገብታ አንጓውን ያዘችው፤ ድምፅዋ ግን ለስልሶ ነበር። «ምን እንዳስለቀሳት መጀመሪያ ጠይቃት፣ በእጅህ ዳብሳት፣ ከዚያ አብስላት፤ ይህን ሳትምልልኝ መኪናዋ ከደጄ አትነሣም። ትናንት አይተሃል፤ ሳይዳብሱ ያበሱት፣ ሲደርቅ ያሳብቃል!»