ከገበያ የተገዛችው ልጅ

በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውብዓለም የምትባል መምህርት ስለ ጉርምስናና ስለ ሥነ ተዋልዶ ታስተምር ነበር። የወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበሩ አቶ ዘውገ ይህን ሲሰሙ፣ ከረባታቸውን እስኪያንቃቸው አጥብቀው ስብሰባ ጠሩ።

«ይቺ ሴት ልጆቻችንን ነውር እያስተማረች ነው። ዛሬውኑ ትባረር! የሚቃወም ወላጅ ካለ ተነስቶ ፊቱን ያሳየን።»

አዳራሹን የሞላው ወላጅ ሁሉ ጫማ ጫማውን ያይ ጀመር። ከኋላ አንዲት የጉልት ቲማቲም ሻጭ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

«ጋሼ፣ እሷ ከተባረረች ማን ያስተምርልን?»

«ወላጅ ነዋ! እቤቱ!»

«ጥሩ። እኔ አጀማመሩን አላውቅበትም። እርስዎ ለልጅዎ ምን ብለው ነገሯት?»

አቶ ዘውገ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከየት መጣሁ ስትለኝ፣ ከገበያ ገዝተንሽ ነው አልኳት። አለቀ።»

«አሁን ስንተኛ ክፍል ናት?»

«ስምንተኛ።»

«ኧረ ጋሼ! እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ገበያ ስቀመጥ ልጅ ሲሸጥ አይቼ አላውቅም!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አቶ ዘውገን ላብ አጠመቃቸው።

«ታዲያ ምን ልበላት አንቺ ሴትዮ? ልጄ እኮ ናት፣ አፍራለሁ!»

«እኔም አፍራለሁ። እርስዎ አፍረው፣ እኔ አፍሬ፣ የማታፍረውን መምህርት ደግሞ ካባረርናት የሚቀረን የሰፈር ጎረምሳ ነው። እሱ እንደሆነ አስተምር ሳይባል ነው የሚመጣው።»

አቶ ዘውገ ከረባታቸውን ቀስ ብለው አላሉ።

«በሉ… ትቀጥል።»