አልረሳም የተባለው ውሻ

ወገኖቼ፣ አንድ ጡረተኛ ሰው ነበሩ። ከጎረቤታቸው ከጋሽ ይርዳው ጋር ተቀያየሙ። ነገሩ የአሸንዳ ነው፤ የጋሽ ይርዳው ጣሪያ ውሃ ክረምት በገባ ቁጥር ወደ እሳቸው ግቢ ይወርዳል። ሽማግሌ ገባ፣ አልሆነም። ታዲያ ሰውየው ምን አደረጉ? ያገራችንን ዘዴ መቼም ታውቁታላችሁ። ቡችላ አመጡና ስሙን «አልረሳም» አሉት። ጠዋት ማታ አጥሩ ሥር ቆመው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ አልረሳም፣ ና አልረሳም ይላሉ። ጋሽ ይርዳው ይሰማሉ።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በቂም ያመጡትን ውሻ ሰውየው ወደዱት። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በር ላይ የሚጠብቃቸው እሱ ብቻ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ የኋላ እግሮቹ ከዱት። ዳሌውን እያመመው ደረጃ መውጣት አቃተው፤ ቆይቶም ከተኛበት መነሳት። አንዲት የእንስሳት ሐኪም፣ የታመመውን መገጣጠሚያ ከቆዳው በላይ በሞገድ እየመታ ሕመም የሚያስታግስ መሣሪያ አለን፣ ያምጡት አለቻቸው። በምን ያምጡት? የደለበ በግ የሚያህል ውሻ የትኛው ታክሲ ይጭናል?

ላዳ ያላቸው ጋሽ ይርዳው ናቸው።

ሳይጠሩ መጡ። ውሻው ሲያላዝን በአጥሩ በኩል ሰምተው ነው። በጋቢ አድርገው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ይዘው ጫኑት።

መሣሪያው ጠቅ ጠቅ ማለት ሲጀምር ውሻው ተንቀጠቀጠ። ሐኪሟም፣ «አባባ፣ ራሱን ይያዙና በስሙ ቀስ ብለው ይጥሩት፤ ይረጋጋል» አለች።

በስሙ? ያንን ስም? ጋሽ ይርዳው አጠገባቸው ቆመው? ሰውየው የውሻውን ራስ ብቻ ደባበሱ። ውሻው አቃሰተ። ያን ጊዜ ጋሽ ይርዳው ጎንበስ አሉና፣ «አልረሳም፣ አይዞህ የኔ ጌታ» አሉት። ዘጠኝ ዓመት ሲወጉበት የኖሩትን ስም። ሰውየው አለቀሱ።

ሦስት ጊዜ ተመላለሱ። ውሻው እንደገና ቡችላ አልሆነም፤ ደረጃውን ግን ወጣ። ስሙስ ተቀየረ? አልተቀየረም። ሰውየው ዛሬም አጥሩ ሥር ቆመው አልረሳም ብለው ይጣራሉ፤ ጋሽ ይርዳው ከወዲያ «አቤት» ይላሉ።

እናንተስ፣ ወገኖቼ? ሐኪሟ መሣሪያውን ያሳረፈችው ደህናው እግር ላይ አይደለም፤ የሚያመውን በጣቷ ፈልጋ ነው። እግዚአብሔርም የሚያንኳኳው እዚያው የሚያማችሁ ቦታ ላይ ነው፤ አትሽሹት። ጎረቤት እንዲሰማው ጮኻችሁ የምትጠሩት ስም ማን ነው? አልረሳም ማለት ካልቀረላችሁ፣ የተደረገላችሁን አትርሱ።