ወንዙ እስኪጎድል

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ሚስቱን ለመፍታት የቆረጠ።

እማሆይ ጽጌ ወግ ሲጀምሩ እንዲህ ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አይወዱም። ያን ቀን ደጃቸው መጥታ የጠየቀቻቸው ጎረቤታቸው አዜብ ናት፤ በዚያች ትንሽ ከተማ ተመድባ የምታስተምር ወጣት። ጥያቄዋም ይህ ነበር፦ «እማሆይ፣ ወደ ቤተሰቦቼ አገር ዝውውር ከጠየቅሁ ቆየሁ። እስኪመጣልኝ ድረስ እንዴት ብዬ ልኑር? እዚህ ደስ የሚል ነገር ሲገጥመኝ እንኳ ግራ ይገባኛል። ልለምደው ነው፣ እዚሁ ልቀር ነው እያልኩ እሸሸዋለሁ። መሸሼ ደግ ነው ወይስ ሞኝነት?» እማሆይ «እኔ ምኑን አውቄ» አሉና መልሱን ትተው ገበሬውን አመጡባት።

ገበሬው ክፉ ሰው አልነበረም። ሚስቱም ክፉ አልነበረችም። ነገር ግን እሱ ሳያማክራት የጓሮውን መሬት ለወንድሙ እንዲያርሰው ሰጠ። እሷ ደግሞ ሠርግ ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «የእኔን ቤት የሚያስተዳድረው የባሌ ወንድም ነው» ብላ አሳቀችበት። ከዚያ ወዲያ አንዱ ሲናገር ሌላው ይቆጣል፤ አንዱ ዝም ሲል ሌላው «ምን ያዘጋሃል?» ብሎ ይቆጣል። እንዲህ እንዲህ ሲል ከረመና በመጨረሻ ሁለቱም በቃኝ አሉ።

በዚያ አገር ባልና ሚስት የሚፋቱት የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ባሉበት ነው። ሽማግሌዎቹም የሴትየዋ ወንድሞችም የሚኖሩት ከወንዙ ማዶ ሲሆን፣ የባልና ሚስቱ ቤት ብቻውን ከወዲህ ነው። ሰኔ ሊያልቅ ሲል ተሰበሰቡ። ዋናው ሽማግሌ ግን የጠቆረውን ሰማይ ቀና ብለው አዩና፣ «የእናንተ ነገር ባንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም፤ ከብት መካፈል አለ፣ እህል መካፈል አለ። ዛሬ ጀምረነው ነገ ወንዙ ቢሞላ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ ሊቀር ነው። መስከረም ይጥባ፣ ወንዙ ይጉደል፤ ያን ጊዜ እናለያያችኋለን» አሉ።

ሌላም ልማድ አለ። ንብረቱ ሳይከፈል ቤቱን ጥሎ የወጣ፣ ድርሻውን ጥሎ እንደወጣ ይቆጠራል። ስለዚህ ማናቸውም ንቅንቅ አላሉም። እንዲህ ሆኖ ሊፋቱ የወሰኑ ሁለት ሰዎች ባንድ ጣራ ሥር ሊከርሙ ሆነ። ገበሬው መስከረም የሚባለውን ወር እንደዚያ ዓመት ናፍቆት አያውቅም።

ቤት እንደገቡ ቤቱን ለሁለት ከፈለው። «ከምሰሶው ወዲያ ያንቺ፣ ወዲህ የእኔ» አላት። እሷም እሺ ብላ፣ በራሷ በኩል ሦስት ጉልቻ ጎልታ የራሷን እሳት አያያዘች። ችግሩ እንጨቱ እርጥብ ነው። ሁለት እሳት ነበራቸው፤ ሁለቱም ጭስ ብቻ። አንዱ በሌላው ጭስ እየሳለ፣ ዓይናቸው እየፈሰሰ፣ ማን ቀድሞ እንደሚሸነፍ የተወራረዱ ይመስል ጥቂት ቀን ገፉ። አንድ ማለዳ ሴትየዋ እንጨቷን ታቅፋ ምሰሶውን አልፋ መጣችና የእሱ እሳት ላይ ጨመረችው።

«እንጨት እንዲቆጥብ ነው» አለችው።

«አዎ፣ ለእንጨቱ ነው» አላት።

እሳቱም ያን ጊዜ ነደደ።

ሐምሌ እንደምታውቂው ነው። ጠዋት ጠዋት አረም ያርማሉ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይወርድና ሁለቱንም ቤት ይከታቸዋል። እሱ እሳት ዳር ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል፣ እሷ ጥጥ ትፈትላለች። ጥጃዋ እንዳይበርዳት አስገብተዋት ጥግ ላይ ታመሰኳለች። ዝናቡ የሣር ክዳኑን ሲመታው ሰው ሰውን መስማት ያቅተዋል፤ ስለዚህ መጨቃጨቅም አይቻልም። ገብስ ይቆላል፣ አንዱ ዘግኖ ቆርጠም ቆርጠም ያደርጋል፣ ሌላውም ይዘግናል። ይኸው ነው። ከዚህ የበለጠ ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን ሚስቲቱ ረመጥ ውስጥ ድንች ቀብራ ኖሮ፣ አውጥታ አመዱን አራግፋ ትልቁን ለእሱ ሰጠችው። ገበሬው ድንቹን ይዞ ቀረ። ባልና ሚስት ሳሉ ትልቁን ሰጥታው አታውቅም፤ አሁን ሊፋቱ ሲሉ ለምን? ሲያስብ ሲያስብ፣ «ገባኝ! በሬው ነው! ልቤን አራርታ መስከረም ላይ ቀዩን በሬ ልታስቀርብኝ ነው» አለ በልቡ። ድንቹን በላው፤ ጣፈጠው። መጣፈጡ ደግሞ የባሰ አናደደው።

ውለታ እንዳይኖርበት ብሎ በማግሥቱ ዝናብ ሳይጥል ወጣና ከገደሉ ሥር፣ ዝናብ ካልነካው ዋሻ፣ ደረቅ እንጨት ተሸክሞ መጣ። ሸክሙን ሲያወርድ ሚስቱ እንዝርቷን አቁማ አየችው።

«ምን ፈልገህ ነው?» አለችው።

«ምንም።»

«ምንም ሳትፈልግ እንጨት ተሸክመህ አታውቅም።»

እሷም እንግዲህ ስለ በሬው እያሰበች ነበር። በዚያው ቀን ማታ፣ እንጨት አምጥቶ እንዳይበልጣት፣ የተቀደደ ጋቢውን ጠቀመችለት። እሱ ደግሞ የተሰበረ መቀመጫዋን ጠገነላት። እሷ የእግር ውሃ አሞቀችለት። ሁለቱም እየተጠራጠሩ፣ አንዱ በሌላው ላለመበለጥ፣ ሙሽሮች እንኳ የማይደራረጉትን አደረጉ። በዚያ ላይ «ለእንጨቱ ነው»፣ «ስላየሁት ነው»፣ «እጄ ሥራ ፈትቶ ነው» ይባባላሉ። ከልቤ ነው ያለ ግን የለም።

የጣራው ማፍሰስ ደግሞ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ጠብታው መጣና ገበሬው አናት ላይ ጠብ አለ። ፈቀቅ አለ። ዝናቡ አቅጣጫ ለወጠና እዚያም ተከትሎት ጠብ አለ። ተነሥቶ ወደ ጥጉ ሄደ፤ እዚያም ጠብ! ሚስቲቱ ራሷን መግታት አቅቷት በሳቅ ተንከተከተች። ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ጠብታው አፉ ውስጥ ገባ። ያን ጊዜ እሱም ሳቀ። ሆዳቸውን ይዘው እስኪደክማቸው ድረስ ሳቁ፤ ጥጃዋም ደንግጣ ቆመች። ሳቁ ሲያልቅ አንዱ ከሌላው ፊቱን አዞረ፤ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው።

ገበሬው ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ግራ ገባው። የሚፋታት ሚስቱ ስታስቀው ምን ይባላል? ቢጠላት ኖሮ ይገባው ነበር። ቢወዳት ደግሞ ሽማግሌ ለምን ሰበሰበ? ያጠፋችውን ለሽማግሌ ሊናገር በልቡ ደርድሮ ነበረ፤ አረም ሲያርም ይደግመዋል። በየቀኑ ሲደግመው ግን አንዱ ይጠፋዋል፤ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ሲያገኘው ደግሞ ትንሽ ነገር ሆኖበት ያፍራል።

ከሁሉም የከፋው የወንዙ ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት ወርዶ ያየው ነበር። በመጀመሪያ ሞልቶ ሲያገኘው ድንጋይ ወርውሮበት ይመለሳል። ነሐሴ ሲጋመስ ግን አንድ ነገር አስተዋለ፤ ሞልቶ ሲያገኘው ደረቱ ቀለል ይለዋል። እየተጣደፈ ይመለስና ደጁ ላይ ሆኖ «ሞልቷል!» ይላል። እሷም «ሞልቷል?» ትላለች፣ ከዚያ ገብሱን ትቆላለች። ለምን ደስ እንዳለው አልገባውም። መስከረምን የሚናፍቅ ሰው በወንዝ ሙላት ለምን ደስ ይለዋል? «አእምሮዬን ሳላጣው አልቀረሁም» አለ። መቼም ሊጠይቀው የሚችለው አንድ ሰው እሷው ብቻ ነበረች፤ አጠገቡ ተቀምጣ። እሱ ግን አልጠየቃትም። ብጠይቃት በሬውን አጣለሁ ብሎ ፈራ።

መስከረም ጠባ። ሜዳው አደይ ለበሰ፣ ሰማዩ ጠራ። አንድ ጠዋት ከማዶ ኮረብታ ላይ ድምፅ ተጣራ፦ «ሽማግሌው ተሰብስቧል! ኑ!»

ገበሬው ሚስቱን አየ፣ ሚስቱም አየችው። ቤቱ ውስጥ ዝናብ የለም፤ አሁን አንዱ የሌላውን ቃል አጥርቶ መስማት ይችል ነበር። እሷ ግን ጓዟን መቋጠር ጀመረች። እሱ «ወንዙን ልይ» ብሎ ቀድሞ ወጣ።

ወንዙ ጎድሏል። ጠጠሩ ይታያል፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን እንኳ በቅጡ አልሸፈነም። ተሻገረና ሽቅብ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ግራር ሥር ተቀምጠዋል፤ የሚስቱ ወንድሞችም ዱላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል። «እህ፣ ተናገር» አሉት ዋናው ሽማግሌ። ገበሬው ክረምቱን ሙሉ የደረደረውን ሊናገር አፉን ከፈተ። አንድም አልመጣለት።

«ወንዙ ሞልቷል» አለ።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«አንተ በምን መጣህ ታዲያ?»

«ተሻግሬ ነዋ፣ አባቴ።»

«ከተሻገርከው ምኑ ሞላ?»

«ሞልቷል» አለ ገበሬው። ቁምጣ ነው የለበሰው፤ ጉልበቱ ደርቆ አቧራ እንደጠጣ ሁሉም ያያል። «በጣም ሞልቷል። ሴት የሚያሻግር አይደለም።»

የሚስቱ ታላቅ ወንድም «ይቀልድብናል!» ብሎ ዱላውን አነሣ። ዋናው ሽማግሌ በእጃቸው ከለከሉትና የገበሬውን እግር ለረጅም ጊዜ አዩት።

«እሷስ? እሷም ሞልቷል ትላለች?»

«አልጠየቅኋትም።»

«ክረምቱን ሙሉ አብራችሁ ተቀምጣችሁ?»

«ክረምቱን ሙሉ።»

«እንግዲህ ሂድና ጠይቃት» አሉት። «ጎድሏል ካለች ይዘሃት ና። እኛ እዚሁ ነን።»

ገበሬው ቁልቁለቱን ሮጠ። ሚስቱ በቤታቸው በኩል ባለው ዳር ጓዟን ጭኗ ላይ አድርጋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ውሃው መሐል ደርሶ ቆመ።

«ምን አሉ?» አለችው።

«ወንዙ ሞልቷል አልኳቸው።»

ውሃውን አየችው። እግሩን አየችው።

«አመኑህ?»

«አላመኑኝም። አንቺን ጠይቅ አሉኝ።» አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረበ። «ሞልቷል ወይስ ጎድሏል? አንቺ ያልሽውን እቀበላለሁ። በሬውንም ውሰጂው።»

ሴትየዋ ጓዟ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ሐምሌ ላይ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?» አለችው። «ይህን ሁሉ ጊዜ ይህቺን ጠዋት እየፈራሁ ጨረስኩት። ስስቅ እፈራለሁ፤ ስትስቅ እፈራለሁ። ሳቄን እንኳ ጠግቤ አልሳቅሁትም።» ተነሣችና ጓዟን አንሥታ ወደ ቤት ዞረች። እሱም ከውሃው ወጥቶ ከእጇ ተቀበላት። ሽማግሌዎቹ ግራሩ ሥር ጥቂት ጠበቁና ወደየቤታቸው ሄዱ።

እማሆይ ጽጌ እዚህ ላይ ወደ አዜብ ዞሩ።

«እንግዲህ ልጄ፣ ያ ቤት ይህች ከተማ ናት። ወንዙ ዝውውርሽ ነው። ገበሬው ማን እንደሆነ ልንገርሽ ወይስ ታውቂዋለሽ? ተማሪዎችሽ ሲያስቁሽ ሊያስቀሩኝ ነው ትያለሽ። ጎረቤት እሸት ቢሰጥሽ ሊያስሩኝ ነው ብለሽ ፊትሽን ታዞሪያለሽ። ማን በሬሽን ሊወስድ ነው? ማንም አያስቀርሽም። ዝውውሩ ሲመጣ መሄድ ካማረሽ ሂጂ፤ እኔ ራሴ አውቶቡስ ድረስ እሸኝሻለሁ።»

«ታዲያ ልሂድ ወይስ ልቅር ነው የሚሉኝ?» አለች አዜብ፤ ጭራሽ ግራ እንደተጋባች።

«እሱን እኔን አትጠይቂ» አሉ እማሆይ፣ ትንሽ ቆጣ ብለው። «ወንዙንም አትጠይቂው፤ ወንዝ ይሞላል፣ ይጎድላል፣ ስለ አንቺ የሚያውቀው ነገር የለም። ራስሽን ጠይቂ፤ መስከረም እስኪጠባ ሳትጠብቂ ጠይቂ። እስከዚያው የሚያስቅሽ ሲገኝ ጠግበሽ ሳቂ። ባልና ሚስቱስ ታረቁ፤ ግን ሴትየዋ ያለቀሰችው ስለ መስከረም አልነበረም። እየፈራች ላሳለፈችው ሐምሌ ነው ያለቀሰችው፤ እሱን የሚመልስላት ሽማግሌ አልተገኘም። አንቺ ገና ሐምሌ ላይ ነሽ።»