ተራራው እንደሚፈነዳ ማዪልን

አንዲት እናት ነበረች። ቤቷ ጫፉ ከሚጨስ ተራራ ሥር ነው። ተራራው ከድሮም ያጨሳል፤ ሰዉም ጭሱን ለምዶታል። በዚያ ዓመት ግን መሬቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ድስት ከጉልቻ ይወድቃል፤ ግድግዳ ይሰነጠቃል። እናትየው ስንጥቁን በጭቃ ትመርገዋለች፤ በማግስቱ መልሶ ይከፈታል።

የምትጨነቀው ለራሷ አልነበረም። ልጇ ዘርፌ አራስ ናት። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እናቷ ቤት መጥታ፣ በሰላም ተገላግላ፣ ሕፃኑ ገና ክርስትና አልተነሣም። ግድግዳው በተነቃነቀ ቁጥር እናትየው ሮጣ ሕፃኑ ላይ ትደፋለች። እስቲ አስቡት፤ ሕፃን የተኛበት ቤት እየተሰነጠቀ የትኛዋ እናት እህል ይወርድላታል?

አንድ ቀን ረድኤት የምትባል የመሬት መንቀጥቀጥ የምታጠና ባለሙያ መጣች። የሰፈሩ ሰው ግራር ጥላ ሥር ተሰበሰበ።

"ወገኖቼ፣ ተራራው ሊፈነዳ ይችላል" አለች። "እንዲህ ያለ ምልክት ያሳዩ አሥር ተራሮች ቢኖሩ፣ ሦስቱ ይፈነዳሉ ብላችሁ አስቡት። ለጊዜው ከዚህ ራቅ በሉ። ድንኳን ተዘጋጅቶላችኋል።"

"ሰባቱስ?" አለ የእናትየው ባል፣ አቶ ሽብሩ።

"ሰባቱ ተመልሰው ይተኛሉ።"

"ታዲያ ሰባት አይበልጥም እንዴ?"

ሰዉ ሳቀ። እናትየው አልሳቀችም።

በዚያ ሰፈር አንድ ልማድ አለ። ጊደር ጠፋ ወይም ድንበር ተገፋ ሲባል፣ አውቃለሁ ያለ ሰው ይምላል። የማለ ይታመናል። አልምልም ያለ ግን ወይ አያውቅም፣ ወይ ይዋሻል። ለጊደር ደግ ልማድ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ለተራራም አመጡት!

"ልጄ፣ ተራራው እንደሚፈነዳ ማዪልን፤ አሁኑኑ እንነሣለን" አሉ አንዱ።

"አባቴ፣ እንዴት ብዬ ልማል? ይፈነዳል ብዬም አልምልም፤ አይፈነዳም ብዬም አልምልም። አደጋው ትልቅ ነው፤ እሱን ነው የምነግራችሁ።"

"በቃ! ራሷም አታውቀውም" አለ አቶ ሽብሩና ልብሱን አራግፎ ተነሣ። ሰዉም ተከትሎት ወደየቤቱ ገባ።

እናትየው እየተከተለችው በንዴት ልትፈነዳ ደረሰች።

"አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷ ምን ታድርግልህ? ተራራውን ጠርታ ታስምልልህ?"

"ዝም በይ እንግዲህ! አራስ ይዤ በዚህ ፀሐይ የት ልሂድ? ምች ቢመታትስ?" አለና ወደ ጓዳ ዞረ። "ዘርፌ፣ ራስሽን ሸፍኚ አላልኩሽም? ያንን በር ዝጉት!"

እናትየው ትክ ብላ አየችው።

"ሽብሩ፣ ምች እንደሚመታት ማን ማለልህ?"

"ምን?"

"ማን ማለልህ ነው የምልህ! ስንቷ አራስ ፀሐይ ላይ ወጥታ ደህና ገብታለች። አንተ ግን ከወለደች ጀምሮ በር ዝጉ፣ ራሷን ሸፍኑ እያልክ ቁም ስቅላችንን ታሳየናለህ። ለምን? ቢመታትስ ብለህ! ለምች ሲሆን ቢመታትስ ትላለህ፣ ለእሳት ሲሆን መሐላ ትጠይቃለህ?"

አቶ ሽብሩ ወደ በሩ ዞረ። "ወፍራም ጋቢ ደርቡላት፤ ጋሪ ልጥራ" ብሎ እያጉረመረመ ወጣ።

ሄዱ። ድንኳን ውስጥ ሰነበቱ። አቧራው፣ ሙቀቱ፣ የውሃው ሰልፍ፣ አያድርስ ነው። ተራራውስ? ተራራው አልፈነዳም። እየቆየ መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ባለሙያዋም ተመለሱ አለች።

ሲመለሱ፣ ከቤታቸው ያልተነቃነቁት ጎረቤቶች ጠበቋቸው። "እንኳን ከእሳቱ አወጣችሁ! ሽብሩ፣ ሚስትህ ከእንግዲህ ደመና ባየች ቁጥር ጋሪ ልታስጠራህ ነው?"

እሱም ቤት ሲገባ ብሶቱን አወጣ። "አየሽ? በከንቱ አንገላታሽን።"

"በከንቱ?" ሕፃኑን አንሥታ እቅፉ ውስጥ አስቀመጠችለት። "ሰባቱ ወጣልን፤ ተመስገን። ሦስቱ ወጥቶ ቢሆን፣ ይህን የት ታገኘው ነበር?"

አቶ ሽብሩ ሕፃኑን አየ። ጋቢውን በላዩ ደረበለት።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ይህች ሴት ተሳሳተች? ባለሙያዋስ ዋሸች? አልዋሸችም። የምታውቀውን ያህል ተናገረች፤ የማታውቀውን አልጨመረችም። እውነተኛ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይናገር?

እናንተስ ወገኖቼ? ሌባ ቢመጣስ ብላችሁ በር ትቆልፋላችሁ። ይመጣል ያላችሁ አለ? የለም! ቢዘንብስ ብላችሁ ጥላ ትይዛላችሁ። ለጫማችሁ እንዲህ የተጠነቀቃችሁ ሰዎች፣ ለነፍሳችሁ ሲሆን ቀኑ ይቆረጥልን ትላላችሁ። ኧረ ስንት ጊዜ ይነገር? ስንት ጊዜ ትለመኑ?

ሐኪም ተመርመሩ ሲላችሁ፣ "እሱም እርግጠኛ አይደለም" ብላችሁ ትቀራላችሁ። ልጃችሁ አመሏ ተለውጦ፣ ከሰው ርቃ እያያችሁ፣ "ምናልባት ይተዋታል" ትላላችሁ። ምናልባት ባይተዋትስ? ቁጭ ብሎ አንድ ቃል መጠየቅ ምን ያስከፍላል?

ከወንድማችሁ ጋር የተኳረፋችሁም አላችሁ። ዛሬም እዚህ ተቀምጣችኋል፤ ትታወቃላችሁ። ለፋሲካ እንታረቃለን አላችሁ፤ ፋሲካ አለፈ። ለመስቀል አላችሁ፤ መስቀልም አለፈ። እሱ የትም አይሄድም ትላላችሁ። አዎ፣ ምናልባት አይሄድም። ነገም ቤቱ ይኖር ይሆናል፤ የዛሬ ዓመትም ይኖር ይሆናል።

ይሆናል! ወንድም የሚያህል ነገር በ"ይሆናል" ይቀመጣል?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ፣ ወደ ቤታችሁ ከመሄዳችሁ በፊት በሩን አንኳኩ። ባይከፍትላችሁ የሚያገኛችሁ ኀፍረት ብቻ ነው፤ ኀፍረት ያልፋል። ከሌላ ቀን ይልቅ ዛሬ ሂዱ፤ ዛሬ ከውስጥ "ማነው?" የሚል ድምፅ አለ።