የግራዝማች ክንድ

ግራዝማች ይርዳውን እግዜር ቁመት ቢነሳቸው በቁጣ ክሷቸዋል። አንድ ቀን መምህሩ ተማሪዎቹን ደጅ አውጥቶ አጥሩን በክንድ እያስለካ ወደ ሜትር ሲያስቀይር ደረሱበት። ከኋላቸው ባሕር ዛፍ የሚያክል አሽከራቸው ቆሟል።

«እስቲ እኔን ለካኝ። ከአሽከሬ ካሳነስከኝ ግን ትምህርት ቤቱን እዘጋዋለሁ» አሉት።

መምህሩ ጨነቀው። ወዲያው ግን ጠዋት ተማሪዎቹ እርስ በርስ ሲለካኩ ያየው ነገር ትዝ አለው።

«በራስዎ ክንድ ይሁን፣ ጌታዬ» ብሎ ለካቸው። «አራት ክንድ ነዎት።»

ግራዝማች ደረታቸውን ነፉ። «እሱስ?»

«እሱም በራሱ ክንድ አራት ነው።»

«ከአሽከሬ እኩል ልታደርገኝ? የእሱን ክንድ ማን ሾመው? በእኔ ክንድ ለካው» ብለው ተቆጡ።

መምህሩ እጅ ነሳ።

«ጌታዬ፣ በእርስዎ ክንድ ከለካሁትማ አምስት ይሞላል። እኩልነቱ ይሻልዎታል።»