የደብዳቤ ለዪው ስልክ

አንድ ደብዳቤ ለዪ ነበር። በአንዲት መካከለኛ ከተማ ፖስታ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ እየለየ በየሣጥኑ ሲከት የኖረ፣ ይርዳው የሚባል ሰው ነው። የከተማዋ ስም አይጠቅመንም፤ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለምና።

ይርዳው ሥራውን ከልቡ ይወድ ነበር። ጠዋት መኪናው ከረጢቶቹን አራግፎ ሲሄድ ሁለት ሕግ ይዞ ይነሳል። አንደኛው፣ ማኅተም ያለበት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይቀድማል፤ ሰው ለሰው የጻፈው መጨረሻ ላይ ይታያል። ሁለተኛው፣ ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤ አያድርም። የሰው ለሰው ደብዳቤ መጨረሻ መሆኑ ማንንም ጎድቶ አያውቅም። ከረጢት ታች አለው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የሁሉም ተራ ይደርሳል።

ፊት ለፊቱ ካለው ጠረጴዛ ድንበሩ የሚባል ጓደኛው ይሠራ ነበር። ድንበሩ እጁ ቀርፋፋ፣ አፉ ፈጣን ነው። “አየኸው፣ ይቺ ልጅ ለእናቷ ከጻፈች ስድስት ወሯ ነበር። ዛሬ ጻፈች!” ይላል ፖስታውን እያገላበጠ። ይርዳው ደግሞ “አንተ ሰውዬ፣ ለይ እንጂ አታውራ” ይለዋል። እንዲህ እየተባባሉ፣ ምሳቸውን ካንድ ሳህን እየበሉ አረጁ።

ጡረታ የወጡት ባንድ ወር ነው። ድንበሩ የአንድ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ተጉዞ እህቱ ዘንድ ገጠር ገባ። ይርዳው ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታበታለች፤ ልጅም የለው፤ እዚያው ከተማ ሁለት ክፍል ቤቱ ውስጥ ብቻውን ቀረ። የሥራ ባልደረቦቹ በስንብቱ ቀን፣ እንደ ድሮው ጋቢና ከዘራ ማልበስና ማስያዙን ትተው፣ ዘመናዊ ስልክ ሰጡት። በቅንነት ያደረጉት ነው፤ እንዳይደብረው ብለው።

መጀመሪያ አንድ የዜና ቻናል ተቀላቀለ። ከዚያ ሁለተኛ። ቀጥሎ የአየር ጠባይ፣ የጤና ምክር፣ የታሪክ፣ የጥቅስ፣ ኳስ ሜዳ ረግጦ ሳያውቅ የአውሮፓ እግር ኳስ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደረሱ። በእያንዳንዱ ላይ ያልተነበበው ብዛት በክብ ውስጥ በቁጥር ይታያል። ሌላው ሰው ያን ቁጥር አይቶ ያልፋል። ይርዳው ግን እንዴት ይለፍ? ለእሱ ያልተለየ ደብዳቤ ነው፤ ያውም በሱ ጠረጴዛ ላይ የተቆለለ።

ስለዚህ ተቀመጠና በለመደው ሕግ ይለይ ጀመር። ስማቸው አጠገብ የማረጋገጫ ምልክት ያለባቸውን ትልልቅ ቻናሎች አስቀደመ። ሰው ለሱ የጻፈለትን መጨረሻ አደረገ። ክፋቱ ግን ስልክ ታች የለውም። አንዱን አንብቦ ሳይጨርስ አምስት ከላይ ይወርድበታል። ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም ይባላል፤ ይርዳው ግን ያን ሁሉ ነገር በሁለት ዓይኑ ልጫነው አለ። የመልእክቱ ጩኸት ሲያሰለቸው የስልኩን ድምፅ አጠፋው፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ሲደውልለትም አይሰማም።

ድንበሩ በየጊዜው ይጽፍለት ነበር። ይርዳውም መጀመሪያ ላይ ይመልስለት ነበር። ኋላ ግን “የዛሬውን ልጨርስና በደንብ አድርጌ እጽፍለታለሁ” ማለት አመጣ። የዛሬው አላለቀም።

ግድግዳ የሚጋራው ጎረቤቱ ሲሞት መርዶውን ያነበበው በዕድሩ ግሩፕ ነው። “ነፍስ ይማር” ብሎ ጻፈና ወደ ቀጣዩ ዞረ። ድንኳኑ የተተከለው ከበሩ ሃያ እርምጃ ርቆ ነበር። በሰፈሩ ታሪክ በጣቱ ለቅሶ የደረሰ ሰው ቢኖር እሱ ሳይሆን አይቀርም። ሰዎቹ ታዘቡት፤ ቀስ በቀስም በሩን ማንኳኳት ተዉ። እሱ መቅረታቸውንም ልብ አላለም። ቤቱ ቀኑን ሙሉ በሰው ወሬ የተሞላ ስለሆነ ብቸኝነቱን ብቸኝነት ነው ብሎ አላወቀውም። ሥራ የበዛበት መሰለው።

አንድ ቀን ስልኩ ቀጥ አለ። ይርዳው ደነገጠና መንገድ ዳር ወዳለችው ስልክ ጠጋኝ፣ ወደ ኑሪያ ሮጠ። ኑሪያ በአርባዎቹ ያለች፣ ቀልድ የምትወድ ሴት ናት። ከፍታ ስታየው ያልተነበበው መልእክት ከዘጠኝ ሺህ በላይ ነው።

“ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ለእርስዎ ነው የመጣው?” አለችው።

“እኔ ጋ ከመጣ ለኔ ነዋ።”

“እንግዲያው አንባቢ ያስፈልግዎታል” አለችና ከየቦታው የሚመጣውን ሁሉ ባንድ ቦታ ሰብስቦ የሚያስነብብ አፕ እንዳለ ነገረችው። “ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ሁሉንም ይሰበስብልዎታል። ሁለተኛው እርስዎ የሚወዱትን አጥንቶ ራሱ ይመርጥልዎታል። ሦስተኛው ባዶ ነው፤ እርስዎ ያስገቡትን ብቻ ያመጣል። የቱ ይሁንልዎ?”

“ይሄ ምን ይጠየቃል? ሁሉንም የሚሰበስበው።”

ጫነችለት። ይርዳው እቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ልቡ በደስታ ሞላ። ዜናው ለብቻ፣ ጤናው ለብቻ፣ በቀንና በሰዓት ተሰድሮ ተደርድሯል። የድሮ ሣጥኖቹን ያገኘ መሰለው። ደስታው ሳምንት አልቆየም። የተሰደረ ክምር ያው ክምር ነው፤ እንዲያውም መሰደሩ ለአዲስ ቻናል ቦታ ያለ አስመሰለለትና ሠላሳ ጨመረበት። ዓይኑ ፍም መስሎ ተመለሰ።

ኑሪያ ሁለተኛውን ሞከረችለት፤ የሚመርጥለትን። ይርዳው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመኪና አደጋ ዜና እንደከፈተ እንቅልፍ ጣለው። አፑ ያን ሁሉ ጊዜ ዜናው ላይ ሲቆይ አይቶ “ይሄ ሰው አደጋ ይወዳል” ብሎ ደመደመ። ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ ግጭት፣ ቃጠሎና ገደል ብቻ አቀረበለት። ይርዳው ከቤት መውጣት ሁሉ ፈራ።

“በይ ባዶውን ስጪኝ” አላት፣ ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ።

ኑሪያ ጫነችና ስልኩን በእጇ እንደያዘች ጠየቀችው። “ማንን ላስገባ? ሁሉንም እንዳይሉኝ! የማን ቃል ቢያመልጥዎ ይቆጭዎታል?”

ይርዳው ሊመልስ አፉን ከፈተ። ሦስት መቶ አርባ ሁለት ስም በሐሳቡ አለፈ፤ አንዱም ላይ አልቆመም። ሌላ ደንበኛ መጥቶ ስልኩን አሠርቶ ሄደ። ይርዳው ገና እያሰበ ነበር።

“ድንበሩ” አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“የምን ቻናል ነው?”

“ቻናል አይደለም። ሰው ነው።”

ኑሪያ ሳቀች። ቢሆንም ስሙን ጽፋ ፈለገችው። ከዚያ ያ ክምር ሁሉ ካለቀበት ወደ ታች ወርዳ አገኘችው። ፈገግታዋ ጠፋ። “ጋሼ፣ ይሄ ሰው አሥራ አራት ጊዜ ጽፎልዎታል። አንዱም አልተከፈተም። የመጨረሻውን ከጻፈ እንኳ ሁለት ወሩ ነው።”

የመጨረሻውን ከፈተችና መነጽሩን እስኪያወጣ ሳትጠብቅ አነበበችለት። ፊደሉ የተዘበራረቀ ነበር። “ይርዳው፣ ሐኪሙ የዓይንህ ነገር አብቅቷል አለኝ። ይቺን የጻፍኩት በግምት ነው። ከእንግዲህ ብትጽፍልኝም አላነበውም። ደውዬ ደውዬ አታነሳም። በሕይወት ካለህ ና።”

ይርዳው የሱቁን ጠረጴዛ ተደግፎ ቆመ። ሌሎቹን አሥራ ሦስቱን ለማንበብ አልደፈረም። በነጋታው በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደ።

መንገዱን ሙሉ ግን የሠራውን ልንገራችሁ። በባዶ እጅ እንዴት ይግባ? በለመደው ጠባይ ስልኩን ከፍቶ ለድንበሩ የሚያነብለትን ወሬ ይመርጥ ጀመር። ዓይን ለሌለው ሰው ወሬ ይዤለት ልግባ፣ ብሎ ነው። ለጓደኛው ያሰበው ከልቡ ነበር፤ ይቅርታ መጠየቁን ስለፈራም ነበር።

ደጁ ሲደርስ ድንበሩ ፀሐይ እየሞቀ በርጩማ ላይ ተቀምጧል።

“ማነው?” አለ ፊቱን ሳያዞር።

“እኔ ነኝ።”

“እኔ የሚባል ሰው ብዙ ነው።”

“ይርዳው ነኝ።”

ድንበሩ ከበርጩማው ቀና አለ። “ደብዳቤዬ ደረሰህ ማለት ነው?”

“ትናንት ደረሰኝ።”

“ምነው ወንድሜ! በኛ ጊዜ በበቅሎም ቢላክ ከዚህ በፊት ይደርስ ነበር” አለና እጁን ዘረጋ። ተቃቀፉ።

ይርዳው ከጎኑ ተቀመጠ። ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። የዓለሙን ጦርነት አነበበ፣ የአየሩን ጠባይ አነበበ፣ ስለ ሩቅ አገር ምርጫና በባሕር ውስጥ ስለተገኘ አዲስ ዓሣ አነበበ። ሰዓት አለፈ። ድንበሩ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ በትዕግሥት አዳመጠው።

“ጨረስክ?” አለው፣ ይርዳው ትንፋሽ ሲወስድ።

“ይሄማ የት ያልቃል።”

“የዓለሙን ሰማሁ። እግዜር ይስጥህ። ያንተስ? ከተለያየን ሦስት ዓመት ሆነን፤ ምን አደረግህ?”

ይርዳው አሰበ። ማን ቤቱ መጥቶ ነበር? የማን ሠርግ ሄዶ ነበር? ከማን ጋር ተጣልቶ ታርቆ ነበር? ያስታወሰው ሁሉ በሌላ ሰው ላይ የደረሰ ሆነበት።

“እኔማ… አነብ ነበር” አለ።

“ለማን?”

ይርዳው ስልኩን ዝቅ አደረገ። እንባው መጣ፤ አለቀሰም። ድንበሩ እንባውን አላየም፤ ትንፋሹን ግን ሰማው። እጁን በይርዳው ጉልበት ላይ አኑሮ “በል ተወው። ማንበብ ከወደድክ የኔን አንብብልኝ። ምን ምን ብዬ እንደጻፍኩልህ እኔም ረስቼዋለሁ። አንብበህ እየመለስክልኝ ሂድ” አለው።

ይርዳው ከላይ ጀመረ። “ይርዳው፣ ጉልበትህ እንዴት ሆነ?” የሚለውን አነበበና “ዳገት ላይ ያመኛል” ብሎ መለሰ። “የሚስትህን መቃብር አጥር አሳደስክ ወይ?” የሚለውን አነበበና “አላሳደስኩም” አለ። ድንበሩ አንዳንዱ ላይ ይስቃል፣ አንዳንዱ ላይ “እንዲህ ብያለሁ?” ይላል። ስምንት ወር የዘገየ ወግ በዚያች ፀሐይ ላይ አወጉ።

ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ ይርዳው ቆመ።

“አንብባት እንጂ” አለ ድንበሩ።

ይርዳው አነበበ። “ይርዳው፣ እኔ ጋ ያለው ፎቶህ የወጣትነትህ ነው። ዓይኔ ጨርሶ ሳይዘጋ የአሁኑን መልክህን አንሥተህ ላክልኝ። ከዚህ በኋላ ድምፅህን ስሰማ የማየው እሱን ነውና እንዳትረሳ።”

ስልኩ በእጁ ነበር፤ ካሜራውም ደህና ነበር። የሚመልሰው ግን አልነበረም። ድንበሩ ፊቱን ወደ ድምፁ አዙሮ ጠበቀው፣ ጠበቀው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ “ይቺን እለፋት” አለው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህን ነው። ሁሉን የሚሰበስብልንም፣ የሚመርጥልንም፣ ባዶ ሆኖ የሚጠብቀንም መሣሪያ ሞልቷል፤ የፈለግነውን እንያዝ። ግን የትኛውም መሣሪያ ቀድሞ መልስ የሚያስፈልገው ማን እንደሆነ አይነግረንም። ለሁሉም ሰው የተጻፈ ወሬ ብናሳልፈው ነገ ሌላ ይመጣል። ለኛ ብሎ የጻፈልን ሰው ግን የሚጠብቅበት ጊዜ ልክ አለው፤ ጊዜው ካለፈ ይቅርታ እንጂ መልስ አይሆነንም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ዛሬ በየእጃችን ላይ እየሆነ ነው።

እርስዎስ? ይህን አንብበው ለሌላ ሰው ከማካፈልዎ በፊት እስኪ በስልክዎ ወደ ታች ይውረዱ። እዚያ ታች፣ መልስዎን እየጠበቀ ያለ ማን ነው?