የመጀመሪያው ቅል

በአንድ ወቅት፣ ከአሮጌ ባትሪ ማቅለጫ በታች ወንዙን ገድቦ የሚኖር አንድ መንደር ነበር። በዚያ መንደር «የውሃ አባት» የሚባል ሹም አለ፤ በየዓመቱ ግድቡ ሲከፈት የመጀመሪያውን ቅል ሕዝብ እያየው የሚጠጣው እሱ ነው። እሱ ሳይጠጣ ማንም አይጠጣም። ሹመቱን የያዙት አባ ቢተው ሦስት ልጆች ነበሯቸው።

ትልቋ እናኑ መለካት ታውቃለች። የግድቡን ዳር ረግጠው የሚጠጡ ከብቶች እየተንቀጠቀጡ መውደቅ ሲጀምሩ አባቷ አስጠሯት። ከመክፈቻው በፊት የግድቡን ጭቃ መንካት ነውር ስለሆነ ከላይ ከላዩን ቀድታ በመሣሪያዋ ለካች። «ንጹህ ነው አባዬ፣ ይጠጡ» አለች።

መካከለኛው ልየው መተንበይ ያውቃል። ከማቅለጫው የሚወርደው፣ እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ከባድ ብረት ጭቃው ውስጥ እንደተኛ፣ የክረምቱም ጎርፍ እንደሚያስነሳው አስቀድሞ አስልቶታል። ግን አምና «ጎርፍ ይመጣል» ብሎ ሳይመጣ ስለቀረ መንደሩ ሟርተኛ ብሎታል፤ ቂሙ ገና አልወጣለትም። የራሱን ልጅ ብቻ ቆላ ላሉት አማቶቹ ላከና አፉን ዘጋ።

ጎርፉ ገባ፤ ግድቡ ተከፈተ። አባ ቢተው ልጃቸውን አምነው ጠጡ፣ መንደሩም እሳቸውን አምኖ ጠጣ። ብዙ ወራት ሳያልፉ አባ ቢተው ሆዳቸውን እየቆረጣቸው፣ ድዳቸው እየጠቆረ፣ ተሠቃይተው ሞቱ። አፏን ገና የፈታችው የእናኑ ልጅም መናገር ተሳናት። ያን ጊዜ እናኑ ነውሩን ረስታ ክንዷን እስከ ክርኗ ጭቃው ውስጥ ከተተች። መሣሪያው ጭቃው እርሳስ እንደሞላበት አሳያት። ለቀስተኛው ፊት ቆማ «ተሳስቻለሁ፣ አትጠጡ» አለች።

«ታዲያ ምን እንጠጣ?» አሏት። መጠጣታቸውንም ቀጠሉ።

ትንሹ ጓዴ ቆርጦ ማድረግ ያውቃል። ዶማውን አንስቶ ወደ ግድቡ ሄደ።

«የታቾቹ፣ የቆላዎቹስ?» አለችው እናኑ እየተከተለችው።

«እኔ የማውቀው የእኛን ልጆች ነው» ብሎ ግድቡን ናደው።

መንደሩ ከሩቅ ምንጭ እየቀዳ ተረፈ። ቆላ ላይ ግን የወረደውን ውሃ ሰው ከነከብቱ ጠጣ፤ የልየው ልጅም ጠጣ፣ ሞተም። የማቅለጫው ባለቤት ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ምንም። እሱ የሚጠጣው የታሸገ ውሃ ነው።

በዓመቱ ምንጩ ደረቀ፣ ግድቡም ታድሶ ሞላ። ሽማግሌዎቹ አዲስ የውሃ አባት ሊሾሙ ሦስቱን ጠሩ።

«ቀድሜ ያወቅሁት እኔ ነኝ» አለ ልየው።

«ያዳንኳችሁ እኔ ነኝ» አለ ጓዴ።

እናኑ ልጇን አቅፋ ቆማለች። «ጥፋቴን የተናገርኩ እኔ ብቻ ነኝ» አለች።

ሽማግሌዎቹ ከግድቡ አንድ ቅል ቀድተው መካከላቸው አስቀመጡ። ከሦስቱ አንዱም አላነሳውም። እናኑ መሣሪያዋን ይዛ ነበር፤ ከኪሷ አላወጣችውም። ሕዝቡ ተጠምቷል፣ ቀድሞ የሚጠጣለትን ይጠብቃል።

እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው፤ ቅሉ የሚገባው ለማን ነው?